ለክፍት የምርምር ሕትመት የበጎ አድራጎት ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል፦ ለመጽሔት አዘጋጆችና ለዲጂታል ማከማቻ ኃላፊዎች

ከ2000 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት ማንም ሰው ያለ ክፍያ ያነባቸው የነበሩ ከ170 በላይ የምርምር መጽሔቶች ከኢንተርኔት ላይ ጠፍተዋል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጠፍተዋል ሲባል አዲስ እትም ማውጣት አቁመዋል ማለት ብቻ አይደለም፤ ቀደም ሲል ያወጧቸው ጽሑፎችም በድረ ገጻቸው ላይ አይገኙም፣ በሌላ ቦታም በተሟላ ሁኔታ ተጠብቀው አልተቀመጡም። ጉዳዩን ያጠኑት ተመራማሪዎች እንዳሳዩት መጽሔቶቹ የአንድ የትምህርት ዘርፍ ወይም የአንድ አህጉር ብቻ አልነበሩም፤ አብዛኞቹም የጠፉት አዲስ ጽሑፍ ማውጣት ካቆሙ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ነው። ደራሲዎች የደከሙበት፣ ገምጋሚዎች ያለ ክፍያ ጊዜያቸውን የሰጡበት ሥራ እንዲህ ሲጠፋ ጉዳቱ የመጽሔቱ ባለቤት ብቻ አይደለም፤ ያንን ጽሑፍ ጠቅሶ የጻፈ ተመራማሪ ሁሉ ማስረጃው የት እንዳለ ማሳየት ያቅተዋል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ድጋፍ ለመጠየቅ ለሚያስቡ የምርምር መጽሔት አዘጋጆች፣ የሙያ ማኅበራትና የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች ነው። በውስጡ ደጋግሜ የማነሣው አንድ ጉዳይ አለ፦ እውቀትን ለመክፈት የሚሰጥ ገንዘብ ከፍቶ ለማቆየት ከሚሰጠው ይልቅ በቀላሉ ይገኛል፤ ስለዚህም የማቆያው ጉዳይ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ በግልጽ መነሣት አለበት። ድጋፉ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማሰብ የጀመረ አዘጋጅ ብዙ ምርጫ አይኖረውም።

ከሁሉ በፊት፦ የሚከፈተው ምንድን ነው?

«እውቀትን ለሁሉም ተደራሽ ማድረግ» ከሚል ዓላማ የማያልፍ ማመልከቻ ለጋሹ ምን እንደሚከፍልለት አይነግረውም። በየጊዜው የሚወጣ መጽሔት፣ በወረቀት ብቻ ያሉ የቆዩ እትሞችን ወደ ዲጂታል መለወጥ፣ የአንድ ተቋም ምርምሮች የሚቀመጡበት ማከማቻ፣ በነጻ የሚነበቡ መጻሕፍት፤ እነዚህ ሁሉ ክፍት ተደራሽነት በሚለው ስም ይጠሩ እንጂ ወጪያቸውም ችግራቸውም ይለያያል። መጽሔት ተደጋጋሚ ወጪ አለው፤ የቆዩ እትሞችን መለወጥ በአብዛኛው አንድ ጊዜ የሚከፈል ከባድ ወጪና የመብት ጥያቄ አለው፤ ማከማቻ ደግሞ ወጪው ቀላል ይመስልና ሰው የማይመደብለት ከሆነ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ማንም የማያስገባበት ባዶ ቤት ይሆናል። ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጠው ይጠይቁ፤ ሁለት ከሆኑም በሁለት የተለያዩ የበጀት ክፍሎች ያስቀምጧቸው።

የክፍት ተደራሽነት ትርጉም በአብዛኛው የሚቀዳው በዲሴምበር 2001 ቡዳፔስት ላይ ከተካሄደው ስብሰባና ከዚያ ወጥቶ በፌብሩዋሪ 2002 ይፋ ከሆነው መግለጫ ነው። በዚያ መግለጫ መሠረት ክፍት ማለት በነጻ ማንበብ ብቻ ሳይሆን ማውረድን፣ መቅዳትን፣ ማሰራጨትንና ለሌላ ሕጋዊ ሥራ መጠቀምን ይጨምራል፤ ለደራሲው የሚጠበቅለት ሥራው እንዳይዛባና በአግባቡ ስሙ እንዲጠቀስ ነው። ይህ በተግባር የሚገለጸው በፈቃድ ነው። በ2002 መጨረሻ የወጡት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ዛሬ በስፋት ይሠራባቸዋል፤ ትልልቆቹ ለጋሾችም አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት የደራሲውን ስም መጥቀስን ብቻ የሚጠይቀውን፣ በተለምዶ «ሲሲ ባይ» የሚባለውን ነው። ደራሲዎችዎ ለንግድ መዋልን የሚከለክለውን ፈቃድ የሚመርጡ ከሆነ ምርጫቸው ሊከበር ይገባል፤ ነገር ግን ያ ምርጫ የትኛውን ለጋሽ እንደሚያሳጣ አስቀድሞ ማወቅና ማመልከቻው ውስጥ ምክንያቱን በአንድ አንቀጽ ማስረዳት ያስፈልጋል።

የቆዩ እትሞችን መክፈት ለሚፈልጉ ደግሞ ከስካነሩ ዋጋ በፊት የሚመጣው ጥያቄ የቅጂ መብቱ የማን ነው የሚለው ነው። ብዙ የሙያ ማኅበራት ከደራሲዎች ጋር የጽሑፍ ውል ሳይፈራረሙ ለዓመታት አሳትመዋል። እንዲህ ሲሆን ደራሲዎችን ወይም ወራሾቻቸውን ፈልጎ ፈቃድ መጠየቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነውና ሰዓትና ገንዘብ ይመደብለት። መልስ ሊገኝባቸው ያልቻሉ ጽሑፎች በምን አግባብ እንደሚያዙና ባለመብት ቅሬታ ቢያቀርብ በስንት ቀን ውስጥ ምን እንደሚደረግ የሚገልጽ አጭር ደንብም ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ። ለጋሹ ያልጠየቀው ቢሆን እንኳ ይህን ማየቱ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ያሳምነዋል።

ለጋሾች የሚሰጡት ገንዘብ ዓይነቱ ይለያያል

ወደ የትኛው ድርጅት እንደሚጻፍ ከመወሰን በፊት ያለፉት ድጋፎች እንዴት እንደተሰጡ ማየት ይጠቅማል። የቡዳፔስቱን ስብሰባ የጠራው የጆርጅ ሶሮስ ኦፕን ሶሳይቲ ኢንስቲትዩት ከመግለጫው ጋር ለሦስት ዓመት 3 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጎርደንና ቤቲ ሙር ፋውንዴሽን ፐብሊክ ላይብረሪ ኦፍ ሳይንስ ለተባለው የክፍት ተደራሽነት አሳታሚ 9 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ድርጅቱም በ2003 የመጀመሪያ መጽሔቱን አወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2001 ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ጽሑፎቹን በሙሉ በነጻ ለማውጣት ሲነሣ የሜለንና የሂውሌት ፋውንዴሽኖች በአንድነት 11 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተዋል። እነዚህ የማስጀመሪያ ገንዘቦች ናቸው። የሚሰጡት አንድ አዲስ ነገር እንዲታይ ነው፣ መጠናቸው ትልቅ ነው፣ ዘመናቸውም አጭር ነው።

ሌላው ዓይነት ድጋፍ ከፖሊሲ ጋር የተያያዘ ነው። የብሪታንያው የጤና ምርምር ለጋሽ ዌልካም ትረስት ከ2005 ጀምሮ በእርሱ ገንዘብ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ውጤታቸውን በነጻ ማከማቻ እንዲያስቀምጡ ማስገደድ ጀመረ፤ በኋላም ከሃዋርድ ሂዩዝ የሕክምና ኢንስቲትዩትና ከማክስ ፕላንክ ማኅበር ጋር ሆኖ በ2012 የተጀመረውን ኢላይፍ የተባለውን መጽሔት አቋቋመ። የጌትስ ፋውንዴሽንም በ2015 ጥብቅ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ ሥራ ላይ ካዋለና ለዓመታት ለደራሲዎች የማሳተሚያ ክፍያ ሲሸፍን ከቆየ በኋላ፣ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ይህን ክፍያ መሸፈን አቁሞ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን ከግምገማ በፊት በነጻ ማከማቻ እንዲያወጡ ይጠይቃል። ይህ ለውጥ ለመጽሔት አዘጋጆች ትልቅ ትምህርት አለው። የገቢ እቅዳቸውን ሙሉ በሙሉ ደራሲዎች በሚከፍሉት ገንዘብ ላይ የመሠረቱ መጽሔቶች አንድ ትልቅ ለጋሽ ሐሳቡን ሲቀይር አብረው ይናወጣሉ። በእኔ እምነት ከደራሲም ከአንባቢም ክፍያ የማይጠይቀው፣ «ዳይመንድ» እየተባለ የሚጠራው አሠራር ለትንንሽ መጽሔቶች ይበልጥ ይስማማል፤ ከደራሲው ኪስ የሚወጣው ክፍያ አንባቢን ከማገድ አድኖ ጸሐፊን ወደ ማገድ ይወስዳልና። በ2021 የወጣ ጥናት እንደዚህ ያሉ መጽሔቶች በዓለም ላይ እስከ 29,000 ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምቷል፤ ብዙዎቹም በዩኒቨርሲቲዎችና በሙያ ማኅበራት እጅ ያሉ ትንንሾች ናቸው።

ሦስተኛው ዓይነት፣ ለዚህ መመሪያ አንባቢ ምናልባት ከሁሉም የሚጠቅመው፣ ሌሎችም እንዲከፍሉ የሚያነሣሣ ድጋፍ ነው። ፖል ጊንስፓርግ በ1991 የጀመረው አርካይቭ የተባለው የፊዚክስና የሒሳብ ጽሑፎች ማከማቻ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ለዓመታት ከኖረ በኋላ ወጪው ለአንድ ተቋም ስለከበደ፣ ማከማቻውን በብዛት የሚጠቀሙ ተቋማት ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ እንዲያዋጡ ተጠየቁ፤ የሲሞንስ ፋውንዴሽንም እነርሱ ካዋጡት ጋር የሚመጣጠን ገንዘብ ለመጨመር ቃል ገባ። የሰብአዊ ጥናት መጽሔቶችን በነጻ የሚያሳትመው ኦፕን ላይብረሪ ኦፍ ሂውማኒቲስም በሜለን ፋውንዴሽን ገንዘብ ተነሥቶ ዕለታዊ ሥራውን የሚያካሂደው ከብዙ ቤተ መጻሕፍት በሚሰበሰብ መዋጮ ነው። በሁለቱም የበጎ አድራጎቱ ገንዘብ ያገለገለው ሌላ ቋሚ ምንጭ እስኪገነባ ድረስ ነው።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። አንድሩ ካርኔጊ ከ1883 ጀምሮ 2,509 የቤተ መጻሕፍት ሕንፃዎች እንዲሠሩ ገንዘብ ሲሰጥ፣ በተለመደው ውሉ ከተማው መሬቱን እንዲያቀርብና የስጦታውን 10 በመቶ ያህል በየዓመቱ ለቤተ መጻሕፍቱ ማስኬጃ እንዲመድብ ይጠይቅ ነበር። ለጋሹ ራሱ ይህን ጥያቄ ባያነሣ አመልካቹ ሊያነሣው ይገባል።

ገንዘብ ያልሆነ ድጋፍም እንዳይዘነጋ። በጆን ዊሊንስኪ የተመሠረተው ፐብሊክ ኖውሌጅ ፕሮጀክት የሚያዘጋጀው ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ የተባለው የመጽሔት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። ሰርን በተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል የሚተዳደረው ዜኖዶ የተባለው ማከማቻ ከ2013 ጀምሮ ፋይሎችን ያለ ክፍያ ይቀበላል። ክሮስሬፍ የተባለው፣ ለጽሑፎች ቋሚ መለያ ቁጥር የሚመዘግበው ድርጅት፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ላሉ አባላት ከ2023 ጀምሮ ክፍያውን አንሥቷል። በነጻ ወይም በቅናሽ ሊገኝ የሚችልን አገልግሎት በሙሉ ዋጋ በጀት ውስጥ ያስገባ ማመልከቻ በዘርፉ ልምድ ያለው ገምጋሚ እጅ ሲገባ ወዲያው ጥርጣሬ ያስነሣል።

የአንድን ጽሑፍ ጉዞ ተከትሎ ወጪን መቁጠር

ጥሩ በጀት የሚጀምረው ከቁጥር ሳይሆን ከሥራው ዝርዝር ነው። አንድ ጽሑፍ ወደ መጽሔቱ ከገባበት ቀን ጀምሮ የሚያልፍበትን መንገድ አብረን እንከተል። አርታኢው ጽሑፉ ከመጽሔቱ ዓላማ ጋር መስማማቱን ያያል፤ ከሌላ ሥራ ያለ አግባብ የተወሰደ እንዳይሆን ይመረመራል። ቀጥሎ ሁለት ገምጋሚዎች ይፈለጋሉ፤ ሁለት ፈቃደኞችን ለማግኘት ከዚያ ለሚበልጡ ሰዎች መጻፍ፣ የዘገዩትን ማስታወስ፣ የተቃረኑ አስተያየቶች ሲመጡ ሦስተኛ ሰው መጨመር የተለመደ ነው። ጽሑፉ ተሻሽሎ ሲመለስ ቋንቋው ይስተካከላል፣ ዋቢዎቹ አንድ በአንድ ይመሳከራሉ፣ ሠንጠረዦቹና ሥዕሎቹ ይጣራሉ። ከዚያ ገጹ ይቀናበራል፣ ለደራሲው የመጨረሻ ማረሚያ ይላካል፣ መለያ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ የደራሲው ስም፣ አጠቃሎቱና ቁልፍ ቃላቱ በትክክል ተሞልተው ድረ ገጹ ላይ ይወጣል፣ ለማውጫዎች ይላካል፣ በመጨረሻም ቅጂው በቋሚ ማቆያ ይገባል።

አሁን በቅርቡ ያለፉ ሦስት ጽሑፎችን ይምረጡ፤ አንዱ ቀላል፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ አድካሚ የነበረ ይሁን። ከላይ በተዘረዘሩት ደረጃዎች እያንዳንዳቸው ስንት ሰዓት እንደወሰዱ ከሠሩት ሰዎች ጠይቀው ይመዝግቡ። ለምሳሌ አንድ ጽሑፍ በአማካይ ለደብዳቤ ልውውጥና ለክትትል 6 ሰዓት፣ ለአርትዖት 9 ሰዓት፣ ለገጽ ቅንብርና ለማውጣት 5 ሰዓት ቢወስድ ድምሩ 20 ሰዓት ይሆናል። መጽሔቱ በዓመት 30 ጽሑፍ የሚያወጣ ከሆነ 600 ሰዓት ማለት ነው፤ ይህም በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 15 ሳምንት ያህል ነው። ተቀባይነት ያላገኙት ጽሑፎች የወሰዱት ጊዜም በዚህ ላይ ይጨመራል፤ እነርሱ በማንም እትም ላይ ስለማይታዩ በበጀት ውስጥ ሲረሱ ይስተዋላል።

እንዲህ ያለ ስሌት ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ «የአርትዖት ወጪ» ከሚል አንድ ደረቅ መስመር ይልቅ ለጋሹ እያንዳንዱ ሰዓት የት እንደሚውል ያያል። ሁለተኛ፣ እስካሁን በፈቃደኝነት ሲሠራ የኖረው ሥራ መጠኑ ይገለጣል። ብዙ መጽሔቶች የሚቆሙት የአንድ ሁለት ሰዎች ያልተከፈለ ድካም ሲያልቅ ነው፤ ያ ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሥራ ሲቀይር መጽሔቱ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ያልተከፈለውን ሰዓት ከበጀቱ አያውጡት፤ «በተቋሙ የሚሸፈን መዋጮ» በሚል ርዕስ ከነግምቱ ያስገቡት። ብዙ ለጋሾች አመልካቹ ከራሱ ምን እንዳዋጣ ስለሚጠይቁ ይህ መስመር መልስ ይሆናል፤ ከዚያም በላይ በሚቀጥለው ዙር ያንን ሰዓት ወደ ደመወዝ ለመለወጥ መሠረት ይጥላል።

የቴክኒክ ወጪዎች በአንጻሩ በአጭሩ ሊገለጹ ይችላሉ፦ ሰርቨር፣ የድረ ገጹ ስም ዓመታዊ ክፍያ፣ የሶፍትዌር ማሻሻያ፣ መጠባበቂያ ቅጂ። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ አንድ ነው፦ ድረ ገጽ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ተደርጎ አይቅረብ። ያልተሻሻለ ሶፍትዌር ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታልና በየዓመቱ የተወሰኑ የባለሙያ ቀናት ይመደቡ።

ተቋሙ ለአስተዳደር የሚወስደው ድርሻም ከመጀመሪያው ይታወቅ። ለጋሾች ለዚህ የሚፈቅዱት ጣሪያ ይለያያል፤ ዩኒቨርሲቲው የሚቆርጠው ለጋሹ ከፈቀደው የሚበልጥ ከሆነ ልዩነቱ ከመጽሔቱ ሥራ ላይ እንዳይቀነስ ማመልከቻው ከመላኩ በፊት ከፋይናንስ ክፍል ጋር በጽሑፍ መስማማት ይገባል። ገንዘቡ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ከሆነም የምንዛሪ ለውጥ ሲያጋጥም የትኛው ሥራ እንደሚቀነስ ወይም እንደሚጨመር ከወዲሁ ይወሰን።

ፕሮፖዛሉን መጻፍ

አብዛኞቹ ፋውንዴሽኖች ሙሉ ፕሮፖዛል ከመቀበላቸው በፊት አጭር የሐሳብ መግለጫ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በራሳቸው ጥሪ ካልሆነ ማመልከቻ አይቀበሉም። ድረ ገጻቸው ላይ ያለውን መመሪያ እስከ መጨረሻው ማንበብ፣ ከዚህ በፊት ለማን ምን ያህል እንደሰጡ የሚያሳየውን ዝርዝር መመልከት፣ ከዚያም ለፕሮግራሙ ኃላፊ አጭር ጥያቄ መላክ ብዙ የከንቱ ድካም ያስቀራል። አንድ ፋውንዴሽን ድጋፉን ለጤና ምርምር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ የታሪክ መጽሔትን በጤና ስም አሳምሮ ማቅረብ ጊዜን ማጥፋት ነው፤ በዘርፉ ያለውን መተማመንም ይጎዳል።

የደብዳቤው የመጀመሪያ አንቀጽ ብዙ ይወስናል። በሐሳብ አንድ የአፈርና የውኃ ጥናት መጽሔት እንውሰድና እንዲህ ብሎ ጀመረ እንበል፦

«እውቀት ለዕድገት መሠረት መሆኑ ይታወቃል። ይሁን እንጂ በገንዘብ እጥረት ምክንያት መጽሔታችን የሚፈለገውን ያህል ተደራሽ አልሆነም። ስለዚህ ድርጅታችሁ አስፈላጊውን ድጋፍ እንዲያደርግልን በትሕትና እንጠይቃለን።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ስሕተት የለም፤ ግን ስሙ ቢቀየር ለማንኛውም መጽሔት ይሆናል። ለጋሹ ከዚህ ውስጥ ማን እንደሚያነብ፣ ምን እንደጎደለ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ሊያገኝ አይችልም። ያው መጽሔት እንዲህ ሊጽፍ ይችል ነበር፦

«መጽሔታችን ስለ አፈር መሸርሸርና ስለ መስኖ የሚደረጉ ምርምሮችን በዓመት ሁለት ጊዜ ያሳትማል። የቆዩ እትሞቻችን በወረቀት ብቻ በመሆናቸው የመስኖ መሐንዲሶችና የግብርና ባለሙያዎች ቅጂ የሚጠይቁን በደብዳቤ ነው። የምንጠይቀው የሦስት ዓመት ድጋፍ እነዚህን እትሞች በነጻ ለማውጣትና አንድ የግማሽ ጊዜ አርታኢ ለመቅጠር ይውላል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የአርታኢው ደመወዝ ግማሽ በማኅበራችን፣ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ሙሉው በማኅበሩና በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች እንደሚሸፈን የሚያረጋግጡ ደብዳቤዎች አያይዘናል።»

ሁለተኛው የሚበልጠው በርዝመቱ አይደለም። አንባቢው ማን እንደሆነ በሙያው ተጠቅሷል፣ ገንዘቡ የሚውልበት ሥራ ተለይቷል፣ ከድጋፉ በኋላ ማን ምን እንደሚከፍል ደግሞ በማስረጃ ተደግፏል። ማኅበሩ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሊሰጥ ካልፈቀደ ግን ቃል እንደተገባ አድርጎ መጻፍ ፈጽሞ አይገባም፤ ይልቁንም «የዚህ ድጋፍ አንዱ ሥራ ቋሚ የገንዘብ ምንጭ ማጥናትና ማዋዋል ነው» ብሎ በሐቅ ማቅረብና ለዚያም ጊዜና ሰው መመደብ ይሻላል።

የሚለካ ውጤት ሲጠየቅ የጎብኚዎችን ቁጥር ብቻ ማቅረብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ በኮምፒውተር ፕሮግራሞች ጉብኝት ሊያብጥ ስለሚችል ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከእርሱ ጋር ጽሑፎቹ በማስተማሪያ ዝርዝር፣ በፖሊሲ ሰነድ ወይም በሌላ ምርምር ውስጥ ሲጠቀሱ መመዝገብ፣ ከተቋሙ ውጭ ያሉ ደራሲዎችን ድርሻ መከታተል፣ አንድ ጽሑፍ ከገባ እስኪወጣ ድረስ የሚወስደውን ጊዜ ማሳየት የበለጠ ይጠቅማል።

የአርትዖት ነጻነት

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ የሚጠየቀው ነገር ግን ለድርድር አይቀርብም። ገንዘብ የሰጠ አካል የትኛው ጽሑፍ እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚገመግም ወይም ማን አርታኢ እንደሚሆን ሊወስን አይችልም። ይህ በውሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ፤ የለጋሹም ስም በመጽሔቱ ድረ ገጽ ላይ ይፋ ይሁን። በለጋሹ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለመጽሔቱ ሲቀርብ ግንኙነቱ በጽሑፉ ላይ ይገለጽ፤ የድጋፉን ውል የፈረመው አርታኢም በዚያ ጽሑፍ ላይ ውሳኔ ከመስጠት ይገለል። ለጋሹ ይህን አንቀጽ ካልተቀበለ ገንዘቡን መተው ነው የሚሻለው፤ በአንባቢው ዘንድ አመኔታ ያጣ መጽሔት ክፍት መሆኑ ማንንም አይጠቅምምና።

ድጋፉ ካለቀ በኋላ ለሚመጣው ጊዜ

በማመልከቻው ውስጥ «ዘላቂነት» የሚል ርዕስ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ በመጨረሻ፣ በችኮላ ይሞላል። «ሌሎች ለጋሾችን እናፈላልጋለን» የሚል ዓረፍተ ነገር እቅድ አይደለም። እቅድ የሚባለው ማን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት እንደሚከፍል ሲታወቅ ነው። ምንጮቹ ብዙ አይደሉም፦ ባለቤቱ ተቋም በመደበኛ በጀቱ ውስጥ ያስገባዋል፤ ወይም ቤተ መጻሕፍት በጋራ ያዋጡለታል፤ ወይም የማኅበሩ አባላት መዋጮ የተወሰነ ድርሻ ይመደብለታል፤ ወይም በርካታ መጽሔቶች አንድ አርታኢና አንድ የቴክኒክ ባለሙያ በጋራ ይቀጥራሉ። የመጨረሻው ለትንንሽ መጽሔቶች የተሻለ ሆኖ ይታየኛል፤ በዓመት አሥር ጽሑፍ የሚያወጣ መጽሔት ለብቻው ባለሙያ መቅጠር አይችልም፣ አምስት ሆነው ግን ይችላሉ።

በቤተ መጻሕፍት ድጋፍ ላይ የቆመው አሠራር በትልቅ ደረጃም ተሞክሯል። በቅንጣት ፊዚክስ በሰርን የሚመራው ስኮፕ3 የተባለው ጥምረት ከ2014 ጀምሮ ቀድሞ ለደንበኝነት ይከፈል የነበረውን ገንዘብ ወደ ክፍት ሕትመት አዙሯል። በላቲን አሜሪካ ደግሞ ሳይኤሎ የተባለው የመጽሔቶች መድረክ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብራዚል የምርምር ድጋፍ ተቋም ተነሥቶ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። የሁለቱም ትምህርት ወጪው በብዙ ትከሻ ላይ ሲከፋፈል ለማንም የማይከብድ መሆኑ ነው፤ የሚያስቸግረው ተቋማቱን ለማስማማት የሚወስደው ጊዜ ነው፣ እርሱንም በጀት ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

የቅጂ ጥበቃ ከዘላቂነት ጋር አብሮ ይቅረብ። መጽሔቱ ራሱ ቢዘጋ እንኳ ጽሑፎቹ እንዳይጠፉ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ከተቋሙም ውጭ መቀመጥ አለባቸው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሎክስ የተባለው ዘዴ በብዙ ቤተ መጻሕፍት ቅጂዎችን በማስቀመጥ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በኦፕን ጆርናል ሲስተምስ የሚሠሩ ብቁ መጽሔቶችም በፐብሊክ ኖውሌጅ ፕሮጀክት የጥበቃ መረብ ያለ ክፍያ ሊካተቱ ይችላሉ። ይህን ማስተካከል የጥቂት ቀናት ሥራ ሆኖ ሳለ በመጀመሪያ የተነሡት ከ170 በላይ መጽሔቶች የጠፉት በዋናነት እንዲህ ባለ ጥበቃ ሥር ስላልነበሩ ነው።

ማመልከቻው ከተላከ በኋላ

መልሱ «አይሆንም» ከሆነ የገምጋሚዎቹን አስተያየት በትሕትና ይጠይቁ፤ ሁሉም ባይሰጡም የሚሰጡ አሉ፣ የተሰጠውም አስተያየት ለሚቀጥለው ለጋሽ የሚጻፈውን ያቃናል። መልሱ አዎንታዊ ከሆነ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገሮች ይታዩ፦ ገንዘቡ በስንት ዙር እንደሚለቀቅና የሚቀጥለው ዙር በምን ላይ እንደሚመሠረት፣ ከአንድ የበጀት መስመር ወደ ሌላው ማዛወር የሚቻለው እስከ ምን ያህል እንደሆነ፣ እንዲሁም በድጋፉ የተዘጋጁት ፋይሎች ባለቤት ማን እንደሚሆን።

ሪፖርት ሲጻፍ ያልተሳካውም ይጻፍ። የቆዩ እትሞችን ለመለወጥ የታሰበው ጊዜ ካነሰ፣ የደራሲዎች ፈቃድ ከተጠበቀው በታች ከሆነ፣ ይህን በቁጥር አስደግፎ ማሳወቅና የማስተካከያ ሐሳብ ማቅረብ ለጋሹ ሁለተኛ ዙር ሲያስብ ይጠቅማል። ድጋፉ ከማለቁ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዘላቂነቱ ክፍል የተገባው ቃል ከምን እንደደረሰ ከተቋሙ አመራር ጋር መነጋገር ይጀመር፤ የተቋማት በጀት የሚዘጋጀው ከዓመቱ መጀመሪያ ብዙ ወራት አስቀድሞ ስለሆነ በመጨረሻው ሩብ ዓመት የሚቀርብ ጥያቄ ለሚመጣው ዓመት አይደርስም።

ከዚሁ ጎን ለጎን አንድ ገጽ የማይሞላ የርክክብ ሰነድ ተዘጋጅቶ በሁለት ሰዎችና በቤተ መጻሕፍቱ እጅ ይቀመጥ። በውስጡ የድረ ገጹ ስም በማን ስም እንደተመዘገበና መቼ እንደሚታደስ፣ የሰርቨሩ ውል ከማን ጋር እንደሆነ፣ የመለያ ቁጥሮቹ አባልነት በየትኛው ኢሜይል እንደተያዘ፣ የፋይሎቹ ቅጂዎች የት የት እንደሚገኙ፣ መጽሔቱ ቢቆም ደግሞ ስሙንና ፋይሎቹን ለመረከብ የተስማማው ተቋም የትኛው እንደሆነ ይጻፍ። የድረ ገጹ ስም በአንድ ግለሰብ ስም ተመዝግቦ ከሆነ ወደ ተቋሙ የሚዛወረው ያ ሰው በሥራው ላይ ሳለ ነው።